ቃሉን ያጠፈ ደመና

መፋዛ፣ ራሃድ ወንዝ ዳር
ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለጣይቱ፣

ካይሮ ድረስ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም ደኅና ነው። ጎረቤቴ ጉዕሽ ሌላ ነገር ነግሮሽ ከሆነ ውሸቱን ነው። ይህን ወረቀት ጎረቤታችን ረሒማ ካይሮ ልጇ ዘንድ ስትመጣ ታደርስልሻለች። በጉዕሽ ስልክ ማውራት አልወድም፤ አጠገቤ ቆሞ የምለውን ሁሉ ያርማል። አስተማሪ ነበርና አመሉ አልለቀቀውም።

አሁን ወደ ነገሬ። በሚያዝያ በዚያ በአየር ትምህርትሽ የክረምቱን ትንበያ ለጉዕሽ ስልክ በድምፅ ላክሽ። «አባዬ፣ ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ይገባል፤ ግንቦት ማለቂያ ላይ» አልሽ። ግንቦት አጋማሽ ሌላ ድምፅ መጣ፦ «አባዬ፣ ቆይ። ደመናው ጎንደር ተራሮች ላይ ቆሟል። እናንተ ላይ የተኛው ደረቅ አየር አላሳልፍ ብሎታል። ሁለቱም ቀርፋፋ ናቸው፤ እስኪነቃነቁ ሳምንታት ይፈጃል። ቢያካፋም አትዝራ።»

ይሄ ምን የሚሉት ነገር ነው? ጠዋት የተናገረውን ማታ የሚያጥፍ ሰው እኛ አገር ሽምግልና አያስቀምጡትም። እኔ የመጀመሪያውን ቃል ያዝኩ። ግንቦት 20 ካፊያ ጣለ፤ ሰሊጡን ዘራሁት። ጉዕሽ ማሳው ዳር ቆሞ፣ «ኣታ ይልቃል! ትንበያ መሐላ አይደለም፤ አየሩ ሲለወጥ ይለወጣል!» እያለ ይጮኻል።

«አንተ ጠመኔህን ያዝ» አልኩት።

በአምስተኛው ቀን በቀለ። አቤት ሲያምር! ከዚያ ወዲያ ጠብታ የለም። ደመናውን በምሥራቅ በኩል በየቀኑ አየዋለሁ፤ እንደ ጠገበች ላም ተኝቶ ያመነዥካል፤ አይነሣም። ረሒማ፣ «ወላሂ ይህ ሽማግሌ ከሰማይ ጋር ተጣልቷል» ብላ ሳቀችብኝ። ቡቃያው ምን እንደሆነ አልጽፍልሽም።

የቀረኝ ሁለት ቁና ዘር ነው፤ ሌላ የለም። ከትናንት በስቲያ ጠዋት ሰማዩ ጠቁሮ መጣ። ዘሩን በሽርጤ ቋጥሬ ማሳው ላይ ቆምኩ። ጉዕሽ እየሮጠ መጥቶ ድምፅሽን ከፈተው፦ «ደመናው አሁንም የሚሄደው ቀስ ብሎ ነው። ከጀመረ ሳምንት ሙሉ አይለቅም፤ ሰሊጥ ደግሞ ውሃ በተኛበት ይበሰብሳል። አባዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ እሺ በለኝ።»

ድገመው አልኩት። ነጎድጓዱ አደንቁሮኝ ነው።

ዘሩን ይዤ ተመለስኩ። እሺ ብዬሽ አይደለም፤ መሬቱ አልተመቸኝም። ይኸው እስካሁን አላባራም፤ ማሳው ኩሬ ሆኗል። ዘሩ አልጋዬ ሥር ደርቆ ተቀምጧል። ሲጠነፍፍ እዘራዋለሁ፤ መቼ እንደሚጠነፍፍ ለጉዕሽ ንገሪው።

ረሒማን በጭቃው የሚያወጣት ትራክተር ቆሞ እየጠበቀ ነው፤ ልቋጭ። እግዚአብሔር በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፤ የምትቀመጪበት ይመችሽ፤ ክፉ ሰው አያጋጥምሽ። እናትሽ ብትኖር የምትመርቅሽንም ጨምሬ መርቄሻለሁ።

ድምፅሽን መላክ አታቋርጪ። ጉዕሽ ነው የሚፈልገው። ስለ አየሩ የምትይው ባይኖርም፣ ክረምቱ ቢያልፍም፣ ላኪለት።

አባትሽ
ይልቃል ዘማርያም