«የለም» የሚለው በረኛ

ጥቅምት 4
ጭጋግ። ከአፍንጮ በር እስከ አምስት ኪሎ በታክሲው መስኮት ሳይ መጣሁ... መውረጃዬን ልስተው ነበር። ቢሮ ያው ነው። ሰፈራቸው ፈርሶ ከዶሮ ማነቂያ የተበተኑ ሰዎች ስም ይዘው ይመጣሉ፣ ጎረቤቶቻቸውን እንፈልግላቸዋለን። የስም መዝገቡ፣ ዳታቤዙ፣ ግን አርጅቷል፤ አንድ ስም እስኪያመጣ ሰው ወንበር ላይ ያንቀላፋል። አለቃዬ አማኑ በጠያቂውና በዳታቤዙ መሀል ፕሮክሲ አቁሚ አለኝ። በረኛ በይው። መልሱን የሚያስታውሰው ከሆነ ሽማግሌውን ዳታቤዝ ሳይቀሰቅስ ራሱ ይመልሳል።

ጥቅምት 6
የበረኛውን የስም ማጣሪያ ጨረስኩ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ... ለበረኛዬ አንድ ናቸው። ሰና ሠም፣ አና ዐም። «አማኑ» ተባለ «ዐማኑ»፣ አንድ ሰው። ደግሞ ብዙ የሚጠየቅ መልስ እንዳይረሳው፣ በተጠየቀ ቁጥር ትውስታው ለአንድ ሳምንት ይታደስ አልኩ። ጎበዝ ነኝ... አይደለሁም?

ጥቅምት 7
እትዬ ሙሉነሽ የሚባሉ ሴት መጡ። ስልካቸው ጠፍቶ፣ ቁጥሩም አብሮ ጠፍቶ፣ ጎረቤታቸውን ኡሙሀኒን ይፈልጋሉ። ግድግዳቸው አንድ ነበር። ጠዋት ጠዋት አንዳቸው በጡጫ መታ ያደርጉታል፤ «አለሽ?» ከወዲያ፣ «አለሁ።» ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ። ፈለግኩ። በረኛው ሽማግሌውን ጠይቆ የለም አለ። የሉም አልኳቸው። ነገ እመለሳለሁ ብለው ሄዱ።

ጥቅምት 13
ዛሬም እንደ ሁልጊዜው መጡ። በረኛውን ሳስረዳቸው የሚያስታውሰውን መልስ «ካሽ» ብል ገንዘብ መሰላቸው፤ ሳቅን። ከዚያ ፈለግኩ... የሉም አልኳቸው።

ጥቅምት 15
ነቃሁ፣ ግን አልተነሳሁም። የመኝታ ቤቴን ግድግዳ በመዳፌ ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው። ከወዲያ ማን እንደሚኖር አላውቅም... ይሄን ያህል ጊዜ ኖሬ?

ጥቅምት 21
እትዬ ሙሉነሽ ጥቁር ለብሰው መጡ።
ማን ሞተብዎት አልኳቸው።
«አንቺ አይደለሽ በየቀኑ የሉም የምትዪኝ? እንግዲያ መቃብሯን ፈልጊልኝ።»
ክው አልኩ። የሉም... እዚህ አገር ስለ ሰው የሉም ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው? አልተመዘገቡም ለማለት ነው ብዬ ብምል ማን ይሰማኛል። በሀው ሞከርኩ፣ በሐው ሞከርኩ። የለም። አንድ ያደረግኳቸው ራሴ አይደለሁ! በረኛውን አልፌ ዳታቤዙን በቀጥታ ጠየቅኩ። አቃሰተ፣ ቆየ...
ኡሙሀኒ አሉ። ከተመዘገቡ ሰንብተዋል። ስልካቸውም አለ።
ያኔ ገባኝ። እትዬ ሙሉነሽ በጠየቁ ቁጥር የመጀመሪያውን ቀን «የለም» ያድሱት ነበር። አንድ ሳምንት ቢቀሩ በረኛው ረስቶ እንደገና ይጠይቅ ነበር። እሳቸው ግን መች ቀሩ? አፈርኩ፣ አለቀስኩም።
ደወልኩና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሃሎ የሚል የሴት ድምፅ ተሰማ። እትዬ ሙሉነሽ ሃሎ አላሉም። ጠረጴዛውን በጡጫቸው መቱት።
«አለሽ?»
 
«አለሁ» አሉ ኡሙሀኒ። «አለሁ፣ ሙልዬ።»

ጥቅምት 22
በረኛው «የለም»ን እንዳያስታውስ ከለከልኩት፤ ባጣ ቁጥር ሽማግሌውን ይቀስቅስ። ቃሉንም ቀየርኩ፤ «እስካሁን አልተመዘገቡም» ይላል። አማኑ ረዘመ አለ። ይርዘም።
ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ግድግዳዬን መታሁ። ምንም። ጫማዬን ሳስር ከወዲያ አንድ ሰው መታ።
«ማነው?»
ስሜን ነገርኩት።