እጄን ያወጣሁለት ምልክት

ሰኞ ጥቅምት 12 ቀን 2005

መብራት የለም። ሥልሳ ተማሪ፣ አሥራ አራት ኮምፒውተር፣ እነሱም ጠፍተዋል። እንደ ልማዳችን በወረቀት ሠራን። እኔና አብሮኝ የሚያስተምረው ሲሞን ለጀማሪዎች ብለን ሁለት ዓመት የለፋንበት የፕሮግራም ቋንቋ ጥሩነቱ ይኸው ነው፤ በእርሳስም ይሠራል። አንድ መስመር አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል። ቁጥሩ በአንድ ይጨምር ከተባለ «ቁጥር = ቁጥር + 1» ነው፣ አለቀ።

ሲሞን ግን እንደሌሎቹ ቋንቋዎች «ቁጥር++» ብናስገባስ ይላል። መቀነሻውን «ቁጥር--»ንም። ያጥራል አለ... ለማን ነው የሚያጥረው? ስንፍናህ ነው ብዬ ሳቅሁበት።

ሐሙስ ጥቅምት 22

አልሰማ ስላለኝ ተማሪዎቹን ፈተንኳቸው። ምልክቱን አስረድቼ «ሀ = ለ++» የሚል ጥያቄ ሰጠሁ። ሀ የሚይዘው ለ ከመጨመሩ በፊት ያለውን ነው ወይስ ከጨመረ በኋላ? ከሥልሳው አርባ ስድስቱ ተሳሳቱ። ከጎጆ ከተማ የመጣችው ጊፍቲ፣ ከክፍሉ አንደኛዋ፣ በላጲስ ስታጠፋ ስትጽፍ ወረቀቱን ቀድዳዋለች።

ወረቀቷን ለሲሞን አሳየሁት። አገላብጦ አየው። በቃ፣ አይገባም አለ። ደስ አለኝ... ክርክር ሳሸንፍ እንደ ልጅ ነው የሚያደርገኝ።

ማክሰኞ ኅዳር 4

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ኦቦ ፉፋ ቢሮ ጠራኝ። ብቻዬን። ቋንቋችን ከየካቲት ጀምሮ ለጀማሪዎች ሁሉ ሊሰጥ ይችላል፤ ግን ፕላስ ፕላስና ማይነስ ማይነስ የሌለው ቋንቋ መጫወቻ ነው ተብሏል። ካልገባ አይሰጥም። የጊፍቲ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። ለምን? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«ለንሳ፣ አስቢበት» ብሎ ሸኘኝ። የሁለት ዓመት ድካም መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ነው?

ዓርብ ኅዳር 7

ስብሰባ። ምልክቶቹ ይግቡ የሚል እጁን ያውጣ ተባለ። አወጣሁ።

ሲሞን አላወጣም። ከዘጠኝ ሰው እሱ ብቻ። ስንወጣ በረንዳው ላይ ስሜን ከሥራው ላይ አውጪልኝ አለኝ። ያለዚያ እኮ ጨርሶ አይሰጥም፣ ኋላ እናስተካክለዋለን፣ ምናምን... ብዬ ቀባጠርኩ።

«ያሳመንሽኝ እኮ አንቺ ነሽ፣ ለንሳ።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ኅዳር 9

ስሙን አወጣሁ። የኔ ስም ብቻውን ቀረ።

ማክሰኞ መጋቢት 3

ቋንቋው እየተሰጠ ነው። ኦቦ ፉፋ በየስብሰባው ያመሰግነኛል። ሲሞንም ሰላምታ አልነፈገኝም፤ አንቱ ይለኛል እንጂ። የሰባት ዓመት ጓደኛዬ... እንዴት አደሩ!

ዛሬ ከትምህርት በኋላ አስያ የምትባል የአንደኛ ዓመት ተማሪ ደብተሯን ይዛ መጣች። ፕላስ ፕላስ ከፊት ሲሆንና ከኋላ ሲሆን መልሱ ለምን እንደሚለያይ አልገባትም። አስረዳኋት። አልገባትም። ደግሜ አስረዳኋት። መብራት እንደ ጠፋ ነው፤ ሠርታ እንዳታየው ኮምፒውተር የለም። በር ላይ ሌሎች ሃያ ተማሪዎች ያንኑ ሊጠይቁኝ ቆመዋል።

«ቲቸር፣ ምክንያቱ ነው እኮ ያልገባኝ» አለች።

«ሸምድጂው» አልኳት።

ዘጠኝ ዓመት ሳስተምር ይህን ቃል ለተማሪ ተናግሬ አላውቅም። አመስግናኝ ሄደች።