ዋንዛውና ያፈረስነው መቀመጫህ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለምንይችል ደረሰ፣ ጅግጅጋ፤

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? የጅግጅጋ ፀሐይና አቧራ እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ? ባለፈው ሲሚንቶ በላው ያልከኝ እጅህ ሻረልህ ወይስ አሁንም በጨርቅ ጠቅልለህ ነው የምትገነባው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ለልዑል እግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ሁላችንም ደህና ነን። አባዬ ጉልበታቸው ቢከዳቸውም ምላሳቸው አልከዳቸውም። እማዬን ክረምቱን ሙሉ ሳል ይዟት ነበር፣ አሁን ለቋታል። ዝናቡ ዘንድሮ ደግ ነበር፤ ጤፉም ድንቹም እንዳያያዙ ከሆነ አያሳፍረንም።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፋት ብለህ ሳትደነግጥ አልቀረህም። አትደንግጥ፣ የሞተ የለም። ነገሩን በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ድንች አውርቼ ዘጋሁት። ኔትወርኩም እንደምታውቀው ነው፤ ግማሹን ሰምተህ ግማሹ ቢቋረጥብህ እስከ ፋሲካ ታኮርፈኛለህ። ባለሱቁ ሱሀይል ዕቃ ሊያመጣ ወደ አንተ አገር ይሄዳል ሲሉ ሰማሁና በእጁ እንዲያደርስልህ ለመንኩት። እንግዲህ ቁጭ በልና አንብበው። ለአባዬ የሠራህላቸውን መቀመጫ አፍርሼዋለሁ።

ኧረ ወረቀቱን እንዳትቀድ! እስከ መጨረሻው አንብብና ከዚያ በኋላ ስደበኝ።

ገበያው ዳር፣ ሱሀይል ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ዋንዛችን ካቻምና ጀምሮ ታሞ ነበር። ቅጠሉ እያነሰ፣ ያለ ጊዜው ቢጫ እየሆነ ይረግፍ ጀመር፤ የጫፉ ቅርንጫፎች ራቁታቸውን ቀሩ። ሰዉ የየራሱን ይላል። አንዱ ቡዳ በላው ይላል፣ አንዱ አርጅቷል ይላል፣ አንዱ ደግሞ ከሥሩ ሽማግሌ ተቀምጦ ሳለ በሐሰት የማለ ሰው አለ ብሎ ጎረቤቱን በዓይኑ ይፈልጋል። ባለፈው መጋቢት በገበያ ቀን አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ ወድቆ የሱሀይልን ሸራ ለሁለት ቀደደው። እግዜር ሲያተርፍ ሰው አልነካም። በማግስቱ ቀበሌው መጥቶ ግንዱ ላይ ቀይ ቀለም ቀባ፤ ይቆረጥ ተባለ። አልፈረድኩባቸውም፤ ከሥሩ ሕፃን ያዘለች ሴት ቆማ ቢሆን ኖሮ ምን እንል ነበር?

የዛፍ ሐኪም እያልክ ትቀልድብኝ የለ? እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የተማርኩት፣ ማዘጋጃ ቤት የከተማውን ዛፎች ጠብቂ ብሎ የቀጠረኝ፣ ለዚህ ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው አልኩና ሄድኩ። ግንዱን በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን አንኳኳሁት፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ዛፍ እንደ ከበሮ ይጮሃል፣ እሱ ግን ድፍን ድምፅ ሰጠኝ። ልቡ ደህና ነው ማለት ነው። ከዚያ ወደ ታች ዓይኔን ሳወርድ ክው ብዬ ቀረሁ። መምህራችን እየደጋገመ ይነግረን ነበር፤ ጤነኛ ዛፍ መሬት ሊነካ ሲል ሥሩን ወደ ጎን ዘርግቶ ይሰፋል፣ እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብሎ ከገባ ግን አንገቱ ተቀብሯልና ጠርጥሩ ይለን ነበር። የእኛው ዋንዛ እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብሎ ነው የአንተ መቀመጫ ውስጥ የሚገባው።

አየህ ወንድም ዓለም፣ አባዬ ሲያስታርቁ መሬት ላይ መቀመጥ አቃታቸው ብለህ ያን ክብ ግንብ ግንዱን አስጠግተህ ስትሠራ፣ መሀሉን ጉልበት በሚደርስ አፈር ሞላነው። ሞላነው ነው የምልህ። አፈሩን በጆንያ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ዛፉ ይጠግባል ብዬ እርጥብ ፍግ ግንዱ ላይ የከመርኩበትም እኔ ነኝ። ለካ የዛፍ አንገት፣ ግንድና ሥር የሚገናኙበት ቦታ፣ አየር ይፈልጋል፤ ሰባት ዓመት ሙሉ በርጥብ አፈር ብታፍነው ልጡ ይበሰብሳል። ሥሮቹም መውጫ ሲያጡ በግንቡ ውስጥ እየዞሩ መልሰው የራሳቸውን ግንድ ያንቃሉ። እኔ ደግሞ ባለሙያ ነኝ ብዬ ሦስት ዓመት በአጠገቡ ሳልፍ፣ ወንድሜ የሠራው ነው እያልኩ በኩራት ከማየት በቀር አንድ ቀን ጎንበስ አላልኩም። አፈር ስበላ!

ቀበሌውን እስከ መስቀል ታገሡኝ፣ እስከዚያ ቅጠል ካላወጣ ራሴ መጋዝ ይዤ እመጣለሁ አልኩ። ታገሡኝ። አባዬን ማሳመን ግን ከዛፉ በሽታ ባሰ። መቀመጫው ካልፈረሰ ዛፉ አይድንም ብላቸው፣ ዛፍ ሌላ ይተከላል፣ የልጄን የእጅ ሥራ ማን ይተክልልኛል አሉ። ምንይችል በናፈቀኝ ቁጥር የምዳብሰው እሱን ድንጋይ ነው፣ ይልቅ ዛፉ ይቆረጥና መቀመጫው ይኑርልኝ አሉ። እኔም አፌ አያርፍም፣ በጠራራ ፀሐይ ማን ሊታረቅ ይመጣል፣ ጭራሽ ተጣልቶ ነው የሚሄድ አልኳቸው። ስምንት ቀን አላናገሩኝም። ማዕድ ላይ እንኳ ጨው ሲፈልጉ፣ ሙሉነሽ ልጅሽን ጨው አቀብይ በያት ይሏታል እማዬን፤ እኔ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጬ!

በዘጠነኛው ቀን ክርክሩን ትቼ ያለ ምንም ቃል እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። በግንቡና በግንዱ መካከል ክንድ የሚያስገባ ጉድጓድ በእጄ ምሼ ነበርና ዕፍኝ አፈር አውጥቼ ወደ አፍንጫቸው አስጠጋሁላቸው። ገበሬ አይደሉ? አንዴ አሸተቱትና ፊታቸው ተለወጠ። ጎተራ ውስጥ ውሃ የገባበት ገብስ ነው የሚሸተው አሉ። አፈሩን መልሰው ደፉና፣ ምንይችል ይህን ቢያሸት በገዛ እጁ ያፈርሰው ነበር አሉ። ከዚያ ግን አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ፤ የልጄን ድንጋይ በዶማ የሚፈነክት እንዳላይ፣ እጁን የሚያውቅ ሰው ይንቀለው አሉ።

እጅህን የሚያውቅ ሰው ደግሞ በዳንግላ አንድ መሳፍንት ብቻ ነው። ስሙን ሳነሳው እንደምትጨማደድ አውቃለሁ። አብራችሁ ግንበኝነት ተምራችሁ፣ ከአንድ ሰሃን በልታችሁ፣ ይህንኑ መቀመጫ ስትጨርሱ ያቺ ግድግዳ የምትለካባት የነሐስ ቱምቢህ ጠፋች። እዚህ ከእሱ ሌላ ማን ነበር ብለህ በገበያተኛው ፊት ሌባ አልከው፤ ሳትሰናበተውም ወደ ጅግጅጋ ሄድክ። እኔ ልጠራው ፈራሁ። አባዬ ናቸው በአገውኛ መልእክት ነግረው ሰው የላኩበት። ምን ብለው እንደላኩበት አልነገሩኝም። እሱም መሮውን ይዞ መጣ፣ ሰላም ብሎ ተንበረከከ፣ አንዲት ድንጋይ ሳይሰብር እየፈለቀቀ በተርታ ደረደራቸው።

በሁለተኛው ቀን አፈሩን በእንጨትና በእጃችን እየጫርን ወደ ግንዱ ስንቀርብ መሳፍንት በድንገት እጁን አቆመ። ጣት የሚያህል ሥር አንድ ነገር ጠምጥሞ ይዟል። አፈሩን ጠራረገለት፤ ቱምቢህ ናት። ገመዷ በስብሶ አልቋል፣ ነሐሷ አረንጓዴ ሆኗል፣ ሥሩ ዙሪያዋን አቅፏታል። እኔው በጆንያ የደፋሁት አፈር ሳይቀብራት አልቀረም። መሳፍንት ከሥሩ ፈልቅቆ መዳፉ ላይ አድርጎ፣ ይኸው ብሎ ብቻ ተቀመጠ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ቀን ግን ሰባት ዓመት ለአንድ ሰው ስንት እንደሆነ ፊቱ ላይ አየሁና መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

አባዬ ያደረጉትን ልንገርህ። ከተደረደሩት ድንጋዮች አንዱን፣ አንተ የጠረብከውን፣ ብድግ አድርገው ትከሻቸው ላይ ጫኑ። በዚያ ጉልበታቸው! መሳፍንት እግር ሥር ጎንበስ ብለው፣ ስለ ልጄ ይቅር በለኝ፣ የሰው ልጅ ሳስታርቅ ውዬ የገዛ ልጄን ሳላስታርቅ ኖሬያለሁ አሉ። መሳፍንት ዘልሎ ተነሥቶ ድንጋዩን ከትከሻቸው ነጠቀና፣ ኧረ አባቴ፣ ኧረ ስለ ማርያም እያለ ጉልበታቸውን ስሞ አለቀሰ። እኔማ ተወኝ፣ ሱሀይል ከሱቁ ወጥቶ ውሃ እስኪያጠጣኝ ድረስ ነው ያለቀስኩት።

ሥራውን ግን አልተውነውም። ግንዱን ያነቁትን ሥሮች በእጅ መጋዝ ቆረጥኩ፣ አንገቱን አየር እንዲያገኝ ገልጬ ተውኩት። ዙሪያውን ባጃጆች ቆመውበት እንደ አውድማ የጠጠረውን መሬት በየእርምጃው እየበሳን ኮምፖስት ሞላንበት። ደረቁን ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን እብጠት ሳልነካ ቆረጥኩ፤ ዛፍ ቁስሉን የሚያሽረው በዚያ ነውና። ሽማግሎቹ ፈረሶቻቸውን ግንዱ ላይ ማሰር ተከለከሉ። የባጃጅ ነጂዎቹ ጥላችንን ወሰደችብን ብለው አሙኝ፣ ይሙኝ! መቀመጫህን ደግሞ መሳፍንት ከግንዱ አራት እርምጃ አርቆ፣ በግማሽ ክብ፣ በራስህ ድንጋዮች ሠራው።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ሰኔ ምንም የለም። ሐምሌ ምንም የለም። ዛፍ እንደ ሰው አመመኝ አይል፣ ተሻለኝ አይል። በየጠዋቱ ወደ ሥራ ስሄድ ቀና ብዬ አያለሁ፤ የአንተንም መቀመጫ አፍርሼ፣ አባዬንም አሳዝኜ፣ ዛፉም ቢሞት ከተማ ለቅቄ እጠፋለሁ እያልኩ ነበር። ከፍልሰታ ፆም ፍቺ በኋላ አባዬ እቤት ሳለሁ አስጠሩኝ። ሮጬ ስደርስ በከዘራቸው ወደ መካከለኛው ቅርንጫፍ ይጠቁማሉ። ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ነገር! እሰይ፣ እሰይ! በሳምንቱ መዳፍ አከለች፣ በዕንቁጣጣሽ ቅርንጫፉን ሞላችው። የመስቀል ዋዜማ ቀበሌዎቹ መጡ፣ ዙሪያውን ዞረው አዩት፣ ቀዩን ምልክት በቢላ ፋቁት። ሙሉ በሙሉ ድኗል ብዬ አልዋሽህም፤ ጫፉ ተመልሶ አይመጣም፣ ቁስሉም ሦስት አራት ዓመት ጥበቃ ይፈልጋል። ግን ይኖራል። ይህን ስጽፍልህ አንዱ ጎኑ ነጭ አበባ አውጥቶ ንብ ይጮህበታል። እኔም ከመጋቢት ወዲህ ደህና እንቅልፍ የተኛሁት ገና አሁን ነው።

አባዬ በብዙ ሰላም ብለውሃል፤ አልተቀየምኩትም፣ ግን ይቅርታውን ለመሳፍንት በገዛ አፉ ይናገረው ብለዋል። እማዬ ጉንጮችህን ስማለች፤ ሳሏን እንዳልነግርህ ከልክላኝ ነበር፣ ነገርኩህ። ሱሀይልን እንደ ወንድም ተቀበለው፤ የተቀደደውን ሸራ ሰፍቶ አንድም ቀን አላነሳብንም። ጎረቤቶቹ ሁሉ፣ ከሥሩ የሚቀመጡት ሽማግሎችም ሰላም ብለውሃል።

መሳፍንትም ሰላም ብሎሃል። ቱምቢህን በሱሀይል ልልክልህ ነበር፣ እሱ ከለከለኝ። ግንቡን ሁሉ ጨርሶ አባዬ ከሚቀመጡበት በስተቀኝ የአንድ ድንጋይ ቦታ ክፍት ትቷል። አባዬ ትከሻቸው ላይ የጫኑትን ድንጋይ እዚያ አላስገባውም፤ ባለቤቱ በቱምቢው ለክቶ ራሱ ያስቀምጠው ብሏል። ድንጋዩ ከዋንዛው ሥር ነው፣ ቱምቢህ እቤት ምስማር ላይ ተሰቅላለች። ና።

እህትህ እንቁ ደረሰ
ዳንግላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.