አንድ ሮኬት ወይስ ሁለት

ዳንዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት አለፈ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። ልጃችን ሜሮን ግን ለሥራዋ እንዲቀርባት ብላ ውድብሪጅ ተከራይታ ወጥታለች። መኪናህን ለእሷ ሰጠኋት። እሑድ እሑድ ትመጣለች፤ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። እኔ ደክሞኛል። ተኝቼ ስነሳ እንኳ ደክሞኝ ነው የምነሳው።

የምጽፍልህ አብረን ስናቅደው የኖርነው የጨረቃ ጉዞ ጉዳይ ስለተወሰነ ነው።

ጠዋት አብረን አሌክሳንድሪያ ወዳለው ቢሯችን ስንሄድ፣ ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ላይ ትራፊኩ ሲቆም ክርክራችን ይጀመር ነበር። አንተ ጠፈርተኞቹም፣ ጨረቃ ላይ የሚያርፉበት መንኮራኩርም በአንድ ግዙፍ ሮኬት ይውጡ ትላለህ። እኔ ደግሞ በሁለት አነስተኛ ሮኬቶች ለየብቻ ወጥተው ምድር አጠገብ ይገጣጠሙ እላለሁ።

«መገጣጠም በጨመርሽ ቁጥር የሚበላሽ ነገር ትጨምሪያለሽ» ትለኛለህ።

«ከተበላሸም እዚሁ አጠገባችን ይበላሽ፤ ሰዎቹ ወዲያው ይመለሳሉ» እልሃለሁ።

ቢሮ ስንደርስ ተኮራርፈን እንወርዳለን። ምሳ ላይ ግን ከእኔው ሳህን ትጎርሳለህ።

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻው ሚቲንግ ነበር። ያንተን ሐሳብ የሚያቀርብ ሰው ጠፋ። አለቃችን እንለፈው አለ። ዝም ብል ኖሮ ያለ ድካም አሸንፌ ነበር፤ ግን አልቻልኩም። ተነስቼ ተከራከርኩልህ። ሁለተኛው ሮኬት በአየሩ ምክንያት ቢዘገይስ፣ ነዳጁ ጠፈር ላይ ሲጠብቅ ቢተንስ እያልኩ፣ አንተ እኔን እንደምታፋጥጠኝ አፋጠጥኳቸው። ድምፅ ሲሰጥ ግን የእኔው ሐሳብ አለፈ። እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ብቻዬን ወደ ቤት ነዳሁ። አሸንፌህ የሚያኮርፈኝ አጣሁ።

አንድ ነገርህ ግን ዕቅዱ ውስጥ ገብቷል። ኮምፒዩተሩ ማገጣጠም ካቃተው አብራሪዋ በእጇ የምታስጠጋበት መሪ ይኑራት ብለህ፣ ሆስፒታል ተኝተህም ስልክ እየደወልክ የጨቀጨቅክበት ነው። ክብደት ይጨምራል ብለው ሊያስቀሩት ነበር። ይህ ከቀረ እኔም ሐሳቤን አነሳለሁ፣ አብራችሁ ጣሉት አልኳቸው። ተቀበሉት።

አዲስ የሚቀጠሩት ልጆች ያ መሪ ለምን እንደተቀመጠ መጠየቃቸው አይቀርም። ስምህን ጠርቼ እነግራቸዋለሁ። ሰዎቹ ሄደው በሰላም እስኪመለሱ ሥራውን አልለቅም። ከዚያ በኋላ አርፋለሁ። አንተን ከማሰብ ግን አላርፍም።

ሠናይት