ከቆዳው መጋዘን ስላለመውጣቴ

ለባለቤቴ ለአስካለ፤ እግዚአብሔር ነፍስሽን ያሳርፍልኝ።

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። አዳማ ያው አቧራዋ ነው። ባቡር ጣቢያው አጠገብ አዳዲስ የቆርቆሮ ቤቶች ተሠርተዋል። ጥሩነሽ አድጋለች፤ አንቺ የሰፋሽላት ቀሚስ ከጉልበቷ በላይ ቀርቷል።

እኔ እዚያው ቆዳ መጋዘን ነኝ። ጨው እነሰንሳለሁ፣ አስራለሁ፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ባቡር ላይ አስጭናለሁ። የእጄ ቁስል ከጨዉ የተነሳ አልደርቅ ብሏል። ድሮ ሳልታጠብ ደጃፉን አታሳልፊኝም ነበር፤ ውሃውን ራስሽ እያፈሰስሽልኝ በቆዳ ሽታዬ ትስቂ ነበር። አሁን ታጥቤ ዝም ብዬ እገባለሁ።

ደመወዜ ከእህል አላልፍ ቢለኝ ጌታዬን፣ የመጋዘኑን ባለቤት ግሪኩን ሙሴ፣ ጭማሪ ጠየቅኋቸው። ገበያው ቀዝቅዟል አሉኝ። በዚያው ሰሞን ወደ ሻሸመኔ በበቅሎ ጨው የሚጭኑት ነጋዴ፣ ሐጂ ኡመር፣ የጭነቱ ኃላፊ ከሆንክልኝ እጥፍ እከፍልሃለሁ አሉኝ። ደስ አለኝ። ግን አንዴ ከወጡ መመለሻው ሩቅ ነው። እናትሽን ባማክራቸው፣ «ሂድ፤ ልጅቷን እኔ እይዛታለሁ» አሉኝ።

በማግስቱ ሁለቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከኋላቸው ነበርኩ። እናትሽ የልጅቷን እጅ ይዘው የሚመሯት መስሎኝ ነበር። ጎርፍ የቦረቦረው ጉድጓድ ጋ ሲደርሱ ግን ክንዳቸውን ጎትታ በዳር በኩል ያሳለፈቻቸው ጥሩነሽ ናት። ለካ ዓይናቸው ከድቷቸዋል፤ ለእኔ አልነገሩኝም።

ሐጂን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ምክንያቴን ሲሰሙ አልተቀየሙኝም። ከዚያ ሙሴው ዘንድ ገብቼ፣ «ደመወዙን ካልጨመሩልኝ በየቀኑ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይልቀቁኝ፤ ያለዚያ ነገ አልመጣም» አልኳቸው። ደመወዙን ሳይጨምሩ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንድወጣ ፈቀዱልኝ።

ደግ አድርጌ ይሁን አይሁን አላውቅም። በዓል ደርሶ እጄ ባዶ ሲሆን ሻሸመኔ ትዝ ትለኛለች። ደክሞኛል፣ አስኩዬ። ቢሆንም ቤቴ የምገባው በብርሃን ነው።

በቀደም ጥሩነሽ፣ «እማዬ ቀይ ነበረች ወይስ ጠይም?» ብላ ጠየቀችኝ። መልክሽ እየጠፋባት ነው። ጠይም ነበረች አልኳት፤ ስትስቂ አፍሽን በነጠላሽ ጫፍ እንዴት ትሸፍኚ እንደነበር አሳየኋት። ሞከረችው፤ አንቺን መሰለች። ከዚያ ወዲህ ራት እስኪቀርብ ስላንቺ አንድ ነገር ሳልነግራት አልቀርም። እኔ በሕይወት እስካለሁ ልጅሽ እናቷን ሳታውቅ አታድግም።

ባልሽ