የኦይቫ ልብ ረቡዕ ረቡዕ ለምን ይፈጥን እንደነበር

ለሆንካላህቲ ከተማ የአረጋውያን እንክብካቤ ቦርድ

የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣ ጤናችሁ እንደምን ሰንብቷል? የልብ ምታችሁ የተስተካከለ፣ እንቅልፋችሁም የጠለቀ እንዲሆን እመኛለሁ፤ የእኛን እናንተው ስለምታውቁት መንገር አያስፈልገኝም።

ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ደክሞኛልም። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አሳጥሬ አቀርባለሁ።

፩. ባለፈው መስከረም ለታናሽ ወንድሜ ለኦይቫ የልብ ምት የሚቆጥር የእጅ አምባር ስላሰራችሁለት አመሰግናለሁ። ብቻውን የሚኖር ሰው ቢወድቅ ይደረስለታል ብላችሁን ነበር፤ አመንናችሁ። አምባሩ ግን ረቡዕ ረቡዕ ማታ ልቡ እንደሚፈጥን አየና ለእናንተ ነገረ፤ እናንተም እሱን ሳትጠይቁ ለመንጃ ፈቃድ ቢሮ ነገራችሁ፤ ፈቃዱም ታገደ። ኦይቫ ደውሎ «የኔ ልጅ፣ ረቡዕ እኮ ታንጎ እጨፍራለሁ» ቢላት፣ ሠራተኛችሁ «ሲስተሙ ላይ ጭፈራ የሚል ምርጫ የለም፤ የደረት ሕመም ብዬ ልሙላልዎት?» አለችው። ስለ ትሕትናዋ አመሰግናለሁ።

፪. የጭፈራ አዳራሹ ከቤቱ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ አውቶቡስ የለም፤ ፈቃዱን የሚያስመልሰው የሐኪም ምርመራ ወረፋ ደግሞ አምስት ወር ነው። የበረዶውን ወራት መስኮት ሥር ተቀምጦ አሳለፈው። በየካቲት «ልብዎ ተረጋግቷል፤ እንኳን ደስ አለዎት» የሚል ደብዳቤ ላካችሁለት። «ኬርቱ፣ ቁጭ ስላልኩ ተሸለምኩ» አለኝ። ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። በመቀመጡ ሞተ አልልም፤ እኔ ልብስ ሰፊ እንጂ ሐኪም አይደለሁም።

፫. መጋቢት ዘጠኝ ጠዋት፣ የቅርብ ዘመዱ ተብዬ እናንተ ዘንድ ስለተመዘገብኩ፣ ስልኬ ላይ «አምባሩ ላልቷል፤ እባክዎ በትክክል ይታሰር» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ሄጄ ሳይ ወንድሜ የማገዶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወድቋል፤ አምባሩ እጁ ላይ ጥብቅ ብሏል። ደወልኩላችሁና «በትክክል አስሮታል፤ የቆመው ልቡ ነው» አልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «እናቴ፣ ብቻዎን ነዎት? ሰው እስኪደርስልዎት ስልኩን አልዘጋም» አለችኝ። አልዘጋችም። የእሷን ምስጋና ከእናንተ ጋር አትደባልቁብኝ፤ የእሷ የእውነት ነው።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሰውን ልብ ለሌላ መሥሪያ ቤት ከማስተላለፋችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁት።

ከጥበቃችሁ የምትወጣበት በር ያጣች፣ ከፍ ያለ አክብሮቷን በሁለት እጇ የምታቀርብ፣
ኬርቱ ሳርኪላህቲ

ማስታወሻ፦ ትናንት በኦይቫ ስም የእርካታ መጠይቅ ደርሶኛል። እስከ ዓርብ መልስ ያልሰጠ ሰው በአገልግሎቱ እንደረካ ይቆጠራል ይላል። ኦይቫ እስከ ዓርብ አይመልስም፤ እርካታውን መዝግቡለት።