ይህ ድምፅ የዛሬ ነው

ሰይዴ፣ የሒክማ አባት፣

አሰላሙ ዓለይኩም የኔ ጌታ። ከተለያየን ክረምት ሄዶ ሌላ ክረምት መጣ። ያ አንተን የወሰደብኝ የአጅባር መንገድ ዘንድሮም ጭቃ ነው፤ ይሠራል እየተባለ ስብሰባ ብቻ ይጠራል። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ይህን ደብዳቤ እንደማታነበው አውቃለሁ፤ አላበድኩም። ግን በአንተ ጊዜ የዋልኩበትን ሳልነግርህ አድሬ አላውቅም፤ ሰሞኑን ደግሞ የሆነው ነገር ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ አለኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሒክማ ሮጣ የማትደርስበት የለም። ግንባሯ ያንተ ነው፣ እልኋም ያንተ ነው፤ ከኔ የወሰደችው ነገር ቢኖር ምላሷን ነው ይሉኛል። ያ የሚያፈሰው ጥግ ቆርቆሮው ተቀየረ። «ከኢድ በኋላ፣ ከአረፋ በኋላ» እያልክ ያስረጀኸኝን፣ ሠራተኛ ጠርቼ ከምሳ በፊት አስጨረስኩት። ያኔ ብናደድብህ እውነት ነበረኝ። ትምህርት ቤት ያንተን ክፍል ሌላ መምህር ይዞታል። ጎበዝ ነው፣ ትሑት ነው ይላሉ። እኔ ግን ጠላሁት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ትልቁ ወሬ ግን ይህ ነው፦ የሬዲዮ ጣቢያው ማይክ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ ፋጤ። ስታቀርብ ከኋላህ ሆኜ «ድምፅህን አታወፍረው፣ ሚኒስትር አይደለህም» እያልኩ የማሾፍብህ እኔ።

እንዴት እዚያ እንደገባሁ ለመናገር ከሕግህ መጀመር አለብኝ። ጣቢያችን ደመወዝ የለው፣ አበል የለው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው አንተ ከየሱቁ የለመንከው የእንቁላል ካርቶን ነው። እናንተ በጎ ፈቃደኞች ከሥራችሁ በፊት ገብታችሁ ታቀርቡና ወደየሥራችሁ ትሮጣላችሁ። ያንተ የማለዳው የስደተኛ ቤተሰቦች ሰዓት ነበር። ከመካነ ሰላም እስከ ማሻ ልጁን አረብ አገር ያልላከ ቤት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ልጆቹ ከጅዳ፣ ከሪያድ ይደውላሉ፤ አንተ ስልኩን ማይኩ ላይ ታስጠጋለህ፤ እናት ደግሞ በየጓሮዋ ሬዲዮ ታቅፋ የልጇን ሳል ሳይቀር ታዳምጣለች።

«መርዶ በእግሩ ይሂድ» ትል ነበር። ያ ነው ሕግህ። በኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ሄዶ ነው። ሬዲዮ ግን ሽማግሌ ወንዝ ሳይሻገር ቤት ይገባል። ያቺ ቤይሩት የሞተችው ልጅ ትዝ ትልሃለች? ዘመዶቿ ማስታወቂያ ይዘው ሲመጡ እናቷ መረዳቷን ጠየቅህ። አልተረዳችም። እንግዲያው አላነብም አልክ። የጣቢያው ኮሚቴ ወሬ ትደብቃለህ ብሎ ወረደብህ፤ አንተ ግን ፍንክች አላልክም። በነጋታው ከሽማግሌዎቹ ጋር አብረህ ሄደህ፣ ጫማህ ጭቃ እንደያዘ ስቱዲዮ ገብተህ አነበብከው። ከዚያ ወዲህ ያ የጣቢያው ሁሉ ሕግ ሆነ። ምን ያህል እንደኮራሁብህ አልነገርኩህም ነበር፤ ይኸው አሁን ነገርኩህ።

ያ ሕግ ደግሞ ዞሮ ባንተ ላይ መጣ። የእህልና የከብት ዋጋ ልትቀዳ አጅባር ገበያ ሄደህ፣ ስትመለስ የተሳፈርክበት አይሱዙ ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ። ሬሳህ ጤና ጣቢያ ሲገባ ከተማው ሁሉ ሰማ። እናትህ ብቻ አልሰሙም። እሳቸው ታች ጨፌ ናቸው፣ ከወንዙ ማዶ። ሸህ እንድሪስና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ሊነጋ ሲል ሊወርዱ ተነጋገሩ።

አንተ የገዛህላቸው ሬዲዮ መስኮቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ያንተን ድምፅ ሳይሰሙ ላም እንደማያልቡ አገር ያውቃል። ይህን ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ደግሞ ጌታሁን ነው። የመሪጌታው ልጅ፣ የግብርናውን ሰዓት የሚያቀርበው፣ ረመዳንን ሳይጾም በማፍጠሪያ ሰዓት ከቤታችን የማይጠፋው ጓደኛህ። ማልዶ ስቱዲዮ ገብቶ አሰበ። በሰይድ ሰዓት ሌላ ሰው ቢያወራ እናቱ ይጠረጥራሉ። ዘፈን ቢለቀቅም ይጠረጥራሉ። ብቻቸውን ናቸው፣ የሚይዛቸው ሰው የለም። ሽማግሌዎቹ እስኪደርሱ ብሎ አስቀድመህ የቀዳኸውን ፕሮግራም ከፈተው። ሕግህን ማክበሩ ነበር እኮ! እያለቀሰ ነው የከፈተው።

ወንዙ ሞልቶ ሽማግሌዎቹ ዘገዩ። የሆነውን የነገሩኝ ሸህ እንድሪስ ናቸው። ግቢው ሲገቡ ያንተ ድምፅ ከመስኮቱ ይወጣል። እናትህ ሽማግሌ በማለዳ ተከታትሎ ሲገባ አይተው መጀመሪያ ደነገጡ። ከዚያ ጆሯቸውን ወደ ሬዲዮኑ ጣል አድርገው ሳቁ። «ግቡ፣ ግቡ፤ የኔ ልጅ ይኸው እያወራ ነው። የማንን ቤት ስታችሁ ነው?» አሉ። አንተ የአንዲት እናት ሰላምታ ሪያድ ላለች ልጇ እያደረስክ ነበር። ሽማግሌ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ አንተን ሰማ። በመጨረሻ ሸህ እንድሪስ እጃቸውን ዘርግተው ሬዲዮኑን ዘጉት። እናትህ የዚያን ጊዜ ተረዱ።

እናትህ ባትሪ ድንጋዩን አውጥተው ገደል ወረወሩት፤ ሬዲዮኑን በጆንያ ጠቅልለው ከጎታው ኋላ ጣሉት። ጌታሁን ለቅሶ ሲመጣ ጀርባቸውን ሰጡት። «ልጄ ሞቶ አሳቃችሁኝ» አሉ። እኔ ይችን ቃል ስሰማ ካንተ ሞት ሌላ ሞት ሆነብኝ። ጌታሁንን ልቆጣው ፈልጌ አልቻልኩም፤ እናትህንም ላጽናና የማጽናኛ ቃል አጣሁ።

ሰዓትህን የሚይዝ ጠፋ። ጌታሁን ወደዚያ ወንበር መጠጋት ፈራ። ኮሚቴው በዘፈን እንሙላው አለ። ልጆቹ ደግሞ ከጅዳ በኔ ስልክ መደወል ጀመሩ፤ «እናቴ በምን ትስማኝ?» ይሉኛል። አንዲት ልጅ የሰው ቤት ስታጥብ ውላ፣ አሠሪዋን ተደብቃ የምትደውልበትን ሰዓት በዘፈን ይሙሉት? ወላሂ ደሜ ፈላ። ኮሚቴው ፊት ቆሜ እኔ አቀርባለሁ አልኩ። አንዱ ፈገግ ሲል አይቼ «ምነው፣ አፍ ያለኝ አይመስልህም?» አልኩት።

ለእናትህ ግን ከሰው አፍ እንዳይሰሙት ራሴ ወርጄ ነገርኳቸው። «እዚያ ውሸታም ቤት ከገባሽ እኔ ደጅ አትምጪ፤ ልጅቱን ላኪልኝ» አሉኝ። እኔም ግትር ነኝ፣ ታውቀኛለህ። ስቱዲዮም ገባሁ፣ በየሳምንቱም ጨፌ ወረድኩ። ሒክማን ከበር ተቀብለው እኔን ከአጥሩ ውጭ ይተዉኛል። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ የሁለቱን ሳቅ እሰማለሁ። ሲበቃቸው ያወጡልኛል፤ ይዣት ሽቅብ እወጣለሁ። ሰው «ተይው፣ ምን አስለፋሽ» ይለኛል። አልተውኩም። አንተን ያገኘሁት ከሳቸው ነው፤ እንዴት እተዋቸዋለሁ?

የመጀመሪያው ቀን ማይኩ ፊት ስቀመጥ ስንት ነገር ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋ። ታች ጨፌ በጆንያ የተጠቀለለውን ሬዲዮ፣ ያን ቀን የሳቁትን እናትህን አሰብኩ። ከዚያ «እንደምን አደራችሁ። ፋጡማ ነኝ። ይህ ድምፅ የዛሬ ነው» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሳልለው የጀመርኩበት ማለዳ የለም። የተቀዳ ነገር ሳሰማ ደግሞ የተቀዳ ነው፣ በዚህ ቀን ነው የተቀዳው እላለሁ። የገበያ ሰው ስሜን «የዛሬዋ» ብሎታል። ይበሉኝ።

አሁን ወደ ሰሞኑ ልምጣ። የእናትህን ጎረቤት እትዬ ከዲጃን ታውቃቸዋለህ፤ ሙና የምትባል ልጅ ጅዳ ነበረቻቸው። ሙና ለኢድ ሰላምታዋን ቀድተንላት ነበር። ለእናቷም ነገ ማለዳ ይሰማሉ ብዬ ልኬባቸው፣ በደስታ ለመንደሩ ሁሉ ተናግረዋል። በዚያው ቀን ከምሳ በኋላ ስልክ ተደወለ። የአክስቷ ልጅ ናት። ሙና ታማ ሞታለች አለችኝ።

ጌታሁን አጠገቤ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ የሙናን ስም አየ፣ እኔን አየ፣ ወጥቶ ደጅ ቆመ። ሰይዴ፣ ያንተው ቀን ተመልሶ መጣ። ድምፁን ብለቀው እትዬ ከዲጃም እንደ እናትህ ይስቃሉ። ብተወው ልጄ ምን ሆነች ብለው ብቻቸውን ይቃጠላሉ። ሕግህን ይዣለሁ፤ ሕግህ ግን ለዚህ አይበቃም። መርዶ በእግሩ ይሂድ አልክ እንጂ እስኪደርስ ሐዘንተኛው ከማን ጋር ይቀመጥ አላልክም።

ተነሥቼ ወደ ጨፌ ወረድኩ። አጥሩ ጋ ስደርስ አልቆምኩም፤ ሳይፈቀድልኝ ገባሁ። እናትህ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኳቸው። «እማማ፣ ሙና ሞታለች። ነገ ሽማግሌ ይመጣል። እትዬ ከዲጃ ሬዲዮ ይዘው የልጃቸውን ድምፅ ይጠብቃሉ። እኔ ድምፁን አልለቅም፤ ግን ብቻቸውን አይሁኑብኝ» አልኳቸው። ፊታቸው ላይ የሆነውን ልነግርህ አልችልም። ከዚያ ነጠላቸውን አንሥተው፣ ስገባ ያየኝ ሰው እንዳለ ብቻ ጠየቁኝ። የለም አልኩ። «በይ ሽቅብ ውጪ። የሷን ነገር ለኔ ተይው» አሉኝ።

እናትህ «ቤቴ አፈሰሰብኝ» ብለው እትዬ ከዲጃ ዘንድ አደሩ። ማለዳ ሬዲዮው ሊከፈት ሲል ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «ዛሬ ይህን አንከፍተውም። እኔና አንቺ ቁጭ እንበል» አሉ። እትዬ ከዲጃ ዓይናቸውን አይተው ማልቀስ ጀመሩ አሉ። እናትህ እጃቸውን ይዘው አልለቀቁም። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ሁለቱ እንደተያያዙ ነበር ያገኟቸው። እኔ በዚያ ሰዓት ማይኩ ላይ ሆኜ ይህ ድምፅ የዛሬ ነው ብያለሁ፤ የሌሎቹን ሰላምታ አድርሻለሁ፤ የሙናን ስም አላነሣሁም። የሞቷን ማስታወቂያ ያነበብኩት ከሰዓት በኋላ፣ እናቷ ከፈቀዱ ወዲያ ነው።

ጌታሁን ለቅሶው ላይ ከሰው ኋላ ተደብቆ ተቀምጦ ነበር። እናትህ አይተው በስሙ ጠሩት፤ አጠገባቸው ቦታ ለቀቁለት። «ያን ቀን ድምፅ ከምትልክልኝ አንዲት ሴት ብትልክልኝ ኖሮ» አሉት። ያን ያህል ነው። እሱም መሬት መሬት እያየ እሺ አለ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ ከእንግዲህ በጨፌ በኩል እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ አስቀድሜ ለሳቸው እንድናገር አዘዙኝ። አየህ፣ ሕግህን የሞሉልህ እናትህ ናቸው። አሁን ጣቢያችን ከሽማግሌ በፊት ሴት ይልካል።

ትናንት የገበያ ቀን ነበር። ከጨፌ የመጣች ሴት ፈልጋ አገኘችኝ፤ እናትህ እንቁላል ልከውልኛል። መልእክትም አለው። «ባትሪ ድንጋይ ላኪልኝ፤ ትልቁን» ይላል። መሐል ገበያ ቆሜ እዬዬ አልኩ። ሰው ምን ሆነች ብሎ ከበበኝ፤ እንቁላል ተሰብሮባት ነው ያለም አለ። ገዝቼ ላክሁላቸው፤ ትርፍም ጨመርኩበት።

አንተን እንዲህ ነው የማስታውስህ። የቀዳኸውን አንዱንም አላጠፋሁም፤ አንዱንም ደግሞ አልለቅም፣ እናትህ ራሳቸው አሰሚኝ እስኪሉ ድረስ። ሒክማ አድጋ አባቴ እንዴት ነበር የሚያወራው ያለችኝ ቀን አጠገቤ አስቀምጣታለሁ። አባትሽ ሞቷል፣ ይህ የተቀዳ ነው፣ ድምፁ ግን ይኸው እላታለሁ። እጇንም ይዤ እስከ መጨረሻው አብሬያት እሰማለሁ። ሰዓትህን አላስዘጋም። እስካለሁ ድረስ ዘፈን አይሞላውም።

ነገ ማልጄ እገባለሁ። ታች ጨፌ ሬዲዮው መስኮቱ ላይ ተመልሶ ይሰቀላል፤ እናትህ ላሟን ይዘው ይቆያሉ። እኔም ከሁሉ በፊት ለሳቸው እንዲህ እላለሁ፦ እንደምን አደሩ እማማ፤ ፋጡማ ነኝ። ይህ ድምፅ የዛሬ ነው።

ያንተው ፋጤ